የጠዋት ጥላ

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላ አገር የሚኖሩ እንስሳት ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሠሩ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ሁሉ ወደ ምዕራብ ነበር። አስተማሪዋ እመት አህያ ጠዋት ስታስተምር ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ ይመልሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ግልገሉም ጥጃውም አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። የገዛ ውርንጭላዋ እንኳ አንድ ቀን ራሱን ስቶ ወደቀ።

አንበሳ ይህን ሰምቶ፣ «የማይማሩ ከሆነ ይዘጋ!» ብሎ ተቆጣ።

አህያ ደነገጠች። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ውርንጭላዋ የሚውለው ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ጅብ አለ።

«ጌታዬ፣ ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ ሙቀቱ ነው ያደከማቸው። ዛፍ ይተከልልን» ብላ ለመነች።

የአገሩ ምንጭ ደካማ ስለነበረ ውኃው የሚበቃው በአንድ ወገን ለሚተከል ችግኝ ብቻ ነው። በየት በኩል ይተከል የሚለውን ለመወሰን ጉባኤ ተጠራ። ቀበሮ ጉድጓዱ ከትምህርት ቤቱ በስተምሥራቅ ነበርና ዛፉን ለራሱ ደጃፍ ተመኘው። ወደ አንበሳ ጠጋ ብሎ፣ «ጌታችን በሐሩር እንዳይንገላቱ ጉባኤው በማለዳ ይሁን» አለ። ጅብንም ለብቻው ጠርቶ፣ «አያ ጅቦ፣ ደግፈኝ። ዛፉ በምሥራቅ ከተተከለ ልጆቹ መቃጠላቸው አይቀርም። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ውርንጭላውም ወደ ሜዳ ይወጣል» አለው።

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

በጉባኤው ቀን ማለዳ ምሥራቁ ፀሐይ፣ ምዕራቡ የሕንፃው ጥላ ነበር። ጅብ እንደ ልማዱ «ቁርበት አንጥፉልኝ!» ብሎ ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ተጋደመ። አንበሳም ከፊቱ ተቀመጠ።

«ይኸው በዓይናችን እያየነው!» አለ ቀበሮ። «ፀሐይዋ ያለችው በምሥራቅ ነው። እዚህማ ጥላው ሞልቶ ተርፏል።»

«እኔ እንዲያውም በርዶኛል» አለ ጅብ።

አንበሳ እውነት መሰለው። አህያ «ፀሐይዋ ትዞራለች» ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን የአህያን ቃል ከቀበሮ ቃል የሚያስበልጥ ጉባኤ እንደሌለ ታውቃለች።

«ጌታዬ፣ ፍርዱ ይሁን» አለች። «ብቻ ከመፍረድዎ በፊት የልጆቹን ትምህርት እዚሁ ተቀምጠው ይስሙልኝ። የፊደሉ ክፍል ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያው አያ ቀበሮ ንግግር ያሰሙን።»

ቀበሮ ንግግር ከተባለ ዓለሙን ይረሳል። ስለ አንበሳ ጎፈር ተናገረ፤ ስለ አንበሳ አባት ተናገረ፤ ወደ አያቱም ተሻገረ። እሱ ሲናገር ጥላው ወደ ግድግዳው ተሰበሰበ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ፀሐይዋ ዞራ ፊት ለፊት መጣች። አንበሳ ጎፈሩ ከበደው። የጅብ ምላስ መሬት ሊነካ ደረሰ።

«አያ ጅቦ፣ ብርዱ እንዴት ነው?» አለች አህያ።

«ጥላዬን ማን ወሰደብኝ?» ብሎ ጅብ ጮኸ። «አያ ቀበሮ! ዛፉ በምሥራቅ ከተተከለ የሚቃጠሉት ልጆቹ ናቸው አልከኝ እንጂ፣ አንተም ትቃጠላለህ መቼ አልከኝ?»

ጉባኤው ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ። በመስኮቱ በኩል ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ ይሰማል፤ ድምፃቸው እየሰለለ፣ አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ።

«በየቀኑ እዚህ ነው የሚውሉት?» ሲል አንበሳ ጠየቀ።

«በየቀኑ፣ ጌታዬ።»

አንበሳ አፈረ። ችግኙ በምዕራብ እንዲተከል፣ እስኪያድግም ከመስኮቶቹ ፊት የሣር ዳስ እንዲጣል አዘዘ። ውኃ የመቅዳቱ ሥራ፣ ያውም በቀትር፣ ለቀበሮና ለጅብ ተሰጠ።

ዳሱ በተጣለ ማግስት ውርንጭላው ሳያንቀላፋ ፊደሉን ቆጥሮ ጨረሰ። አህያ ደስታዋ እንባ ሆኖ መጣ። ጅብ ባልዲውን ይዞ ሲያልፍ ዳሱን ቀና ብሎ አየና፣ «ይኸኛውስ ጥላ መቼ ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቃት።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ኑሮ ላይ የሚፈርድ ሁሉ አስቀድሞ በዚያ ሰው ቦታ፣ በዚያ ሰው ሰዓት ተቀምጦ ማየት እንዳለበት ነው።