ባያድነንም ገብርኤል

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ መንገዱ ወደ ቆላው መውረድ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይራና ጽድ የከበቡት አንድ ደብር አለ፤ ስሙ ባያድነንም ገብርኤል ይባላል። ስሙን መጀመሪያ የሰማ መንገደኛ ሁሉ ይደነግጣል። መልአኩን እንዲህ ብሎ መጥራት ነውር አይደለም ወይ የሚል አለ፤ ይህን ስም ያወጣው የጎረቤት ደብር ቅናት ነው ብሎ የሚገምትም አይጠፋም። ለታኅሣሥ ገብርኤል የመጣ እንግዳ ደግሞ ከስሙም የበለጠ የሚገርመው ነገር ይገጥመዋል። በሌላው አገር ስለቱ የሰመረለት ሰው ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ምንጣፉን ተሸክሞ በእልልታ ሲገባ፣ እዚህ ታቦቱ ዞሮ ከቆመ በኋላ ገበዙ ወደ ሕዝቡ ይመለስና «ያልሰመረለት ይቅደም» ይላል። ያን ጊዜ ለምነው ያልተሰጣቸው ሰዎች ከየቆሙበት እየወጡ የተሳሉትን ያስረክባሉ። እልልታ የለም፤ ከበሮውም ዝም ይላል።

ነገሩ የሆነበትን ዘመን በተመለከተ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። አንዳንዱ መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ የለም፣ አያቴ በዓይኗ አይታዋለች ብሎ ወደዚህ ያቀርበዋል። የሚስማሙት አንጓች በምትባል ሴት ላይ ነው። አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ነበረች። ፈትሏ ቀጭንና እኩል ከመሆኑ የተነሳ ሸማኔው ሳይማረር ይሠራው ነበር ይባላል፤ ሸማኔ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ምስጋና እንዳልሆነ ይገባዋል። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ የሚጠይቃት የበዛ፣ እናቷ ስትቆጣት እንኳ ሳቋን መያዝ የማትችል ነበረች። ከእሷ በቀር ለአንጓች በዚህ ዓለም የቀረ ዘመድ አልነበረም።

በአንድ የጥጥ ለቀማ ወራት ስንዱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ወደ ቆላው ወርዳ ንዳድ ይዟት ተመለሰች። አንጓች የልጇን ግንባር ዳስሳ እጇን ወዲያው አነሳች። ከዚያም ከደጅ ወጥታ፣ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ፣ «ገብርኤል ሆይ፣ የሠለስቱ ደቂቅን እሳት ያበረድህ አንተ ነህ፣ የልጄንም አብርድልኝ። ይህችን አንዲቷን ከተውክልኝ የመቅደስህን መጋረጃ በእጄ ፈትዬ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ተስላም አልተቀመጠች። ሰው ስለቱ ከሰመረለት በኋላ ነው የሚሠራው፤ እሷ ግን እጇ ሥራ ከፈታ ልጇ የምታመልጣት መሰላትና በዚያው ቀን እንዝርቷን አንሥታ አልጋው ሥር መፍተል ጀመረች። ስንዱ ላብ በላብ ሆና ዓይኗን ስትገልጥ፣ «እምዬ፣ ለኔ ቀሚስ ነው?» ብላ ጠየቀቻት ይባላል። «የገብርኤል ነው፤ ያንቺን ቀጥዬ እፈትላለሁ» አለቻት። ልጅቱ ሞተች። ልቃቂቱ ገና ግማሽ አልደረሰም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የሆነውን ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እውነት ለመናገር፣ ታሪኩን የሚያሳምሩ ሰዎች ይህን ክፍል ዘለው ያልፉታል። አንጓች ወዲያው አልተጽናናችም፣ ፈቃዱ ነው ብላም እንባዋን አልጠረገችም። ተናደደች። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት «እግዜር የወደደውን ይወስዳል» ሲሏት፣ «እኔስ አልወደድኳትም?» ብላ አፋቸውን ታስይዛቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም፤ ነገር ግን አባታችን ሆይን ስትደግም «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች» የሚለው ላይ ስትደርስ ታቋርጣለች። «በምድር ትሁን» የሚለውን አትጨምረውም። ሌላው እስኪለው ትጠብቅና «የዕለት እንጀራችንን» ከሚለው ትቀጥላለች። ውሸት እንዳትናገር ነበር እንዲህ የምታደርገው። ሌላ ነገር ሊቀራት ይችላል፣ ለእግዚአብሔር መዋሸት ግን አልፈለገችም።

ያ ያላለቀ ልቃቂት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ነጠላ አሠርታ ልትለብሰው አሰበች፤ አልሆነላትም። ልትሸጠው አወጣችው፤ መልሳ አስገባችው። እሳት ላይ ልትጥለው አንድ ጊዜ እጇን ሰንዝራ ነበር ይባላል። መጨረሻ ላይ ስትጨነቅ ከርማ አንድ ነገር ገባት፤ የገባትም ነገር አላስደሰታትም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጾም፣ ስትሰግድ፣ ኪዳን ስታደርስ የኖረችው ይህችን ልጅ እንዲጠብቅላት ነበር። «እኔ አምላኬን አምልኬው አላውቅም፤ ስገበያየው ነው የኖርኩት» አለች። ይህን ያለችው ለጎረቤቷ ነው፤ ጎረቤቷም ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብላ ጠበል እንዲወስዷት ለሰው ነግራለች። አንጓች ግን በማግስቱ እንዝርቷን አነሣች። እየተሳደበችም፣ እያለቀሰችም፣ አንዳንዴም ባዶ ልብ ይዛ ፈተለችው። ሸማኔው ሠርቶ ሲያስረክባት በጨርቁ ውስጥ አንድ የሻከረ ቦታ አላገኘም ይባላል።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት መጋረጃውን አጥፋ፣ በነጠላዋ ሸፍና ከደጀ ሰላሙ ደረሰች። የደብሩ ገበዝ ቄስ ቢተው በሩ ላይ ቆመው ስለት የያዘውን ሁሉ በተራ ያሰልፉ ነበር። ቄስ ቢተው ሚስታቸው በወሊድ ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቃል የማያበዙ፣ ሰው የሚያከብራቸው ካህን ነበሩ። የያዘችውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንጓች፣ ይሄ የዚያን ጊዜው ነው?» አሏት።

«አዎ አባ።»

«ስለትሽ እኮ አልሰመረም። የለብሽም፣ ልጄ። ለስንዱ ተዝካር አድርጊበት።»

«የለብኝም፣ አውቃለሁ። ቢኖርብኝማ ዕዳ ነበር። ልሰጠው ነው የመጣሁት።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። አያ ደምለው የሚባል፣ ልጁ ከጦር ሜዳ በደኅና ተመልሶለት ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ያመጣ ባለጸጋ፣ «አባ፣ ያልሰመረ ስለት ታቦት ያሳማል። ታች ያሉት የሚካኤል ደብር ሰዎች ሰምተው ምን ይሉናል? ገብርኤላቸው አልሰማ ብሏቸው ይሉናል» አለ። በዚያ ዘመን ሰው ይህን ከልቡ ያምን ነበር፤ የታቦትን ስም መጠበቅ የምእመኑ ሥራ ይመስለው ነበርና። አንዲት ሴትም «መልአኩን ልትወቅስበት ነው ይዛ የመጣችው» አለች። አንጓች በልቧ ውስጥ ወቀሳ እንዳለ ታውቅ ነበር፤ መስጠትም አለ። የትኛው እንደሚበልጥ እሷም አልለየችውም። የፈራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ይህን ይዛ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ዳግመኛ ወደዚህ ደጅ እንደማትመጣ ታውቀዋለች። ቄስ ቢተው ዓይኗን ሳያዩ፣ «ወደ ጎን ቁሚ» አሏት፤ እሷም ከሴቶቹ ዳር ሄዳ ቆመች።

ታቦቱ ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ በጃንጥላ ጥላ ሥር ሲቆም፣ ቄስ ቢተው እንደ ልማዳቸው የዕለቱን ታሪክ ሊያስተምሩ ተነሡ። ሕዝቡ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ የሚጠብቀው እሳቱን ነው። እሳቱ ሲበርድ እልል ይላል። ቄሱም ሠለስቱ ደቂቅ ለጣዖት አንሰግድም እንዳሉ፣ ንጉሡ እቶኑን አንድዶ እንዳስፈራራቸው ተረኩ። «ያን ጊዜ ለንጉሡ መለሱለት። የምናመልከው አምላክ ከእቶኑ ሊያድነን ይችላል አሉት» አሉና ወደ እሳቱ ሊያልፉ ሲሉ ዓይናቸው ዳር ላይ ከቆመችው ሴት ላይ ዐረፈ። ሕዝቡ ጠበቀ። ዲያቆኑ ረሱት መስሎት ቀስ ብሎ «እሳቱ» አላቸው።

«እሳቱ አልደረሰም» አሉ ቄስ ቢተው። «ገና አንድ ቃል ይቀራቸዋል። ይህን ቃል ሚስቴ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ በዚህ ዐውደ ምሕረት ላይ ተናግሬው አላውቅም። እየዘለልሁት አስተማርኋችሁ። ባያድነንም አሉ። ባያድነንም ሌላ አናመልክም አሉት።»

እልል ያለ የለም። ቄሱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ገቡ፤ ሲወጡም በቅጠል የተጠቀለለ፣ ከእርጅና የጠቆረ፣ ዳርና ዳሩን አይጥ የበላው የሰም ድፍን ይዘው ነበር። «ሚስቴ በምጥ ላይ ሳለች የቀፎዬን ሰም ለጧፍ ተስዬ ነበር። እዚህ ድረስ አመጣሁት፤ ስትሞትብኝ ግን ልሰጠው እጄ እንቢ አለኝ፤ ከዕቃ ቤት ደበቅሁት። ስቀድስ የኖርሁት ከዚህ ጋር ነው» አሉ። ከዚያም ወደ ሴቶቹ ዳር ተመልክተው፣ «አንጓች፣ ያልሰመረለት ይቅደም። አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ካንቺ ኋላ ነኝ» አሏት።

አንጓች መጋረጃውን ይዛ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አለፈች። ሰውም መንገድ ለቀቀላት። ከታቦቱ ፊት ስትደርስ ተንበርክካ ጨርቁን መሬት ላይ አኖረችው፤ ግንባሯንም በላዩ ደፋች። «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች» ብላ ጀመረችና እንደ ወትሮው አቋረጠችው። በአጠገቧ የነበሩ ሰዎች እንደተናገሩት፣ «እንዲሁም በምድር ትሁን» ያለችው ድምፅ እንደሌለው ሰው ሆና ነው፤ ያለችውም እያመማት ነው። ሐዘኗ በዚያ ቀን አልቀለለም፣ ልጇም በሕልሟ አልመጣችላትም። ሽማግሌዎቹ ተአምር ፈልጎ ለሚጠይቃቸው ይህን አስረግጠው ይናገራሉ።

ከዚያ በኋላ ተራው የሰመረላቸው ሰዎች ነበር። አያ ደምለው ባለ ወርቅ ዘርፉን ጃንጥላ እንደያዘ ወደ ፊት ራመድ አለና ቆመ። የተመለሰው ልጁ አጠገቡ ነበር። አያ ደምለው አንድ ጊዜ ልጁን፣ አንድ ጊዜ መሬት ላይ የተዘረጋውን መጋረጃ አየ። «አባ፣ ይህ ልጅ ሞቶብኝ ቢሆን ይህን አመጣው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ቄስ ቢተው፣ «እኔ አልሰጠሁም፣ ደምለው። ያንተን አንተ ታውቃለህ» አሉት። አያ ደምለው ጃንጥላውን አጠፈና በሕዝቡ መካከል ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ይሁን ከዚያም በኋላ እንዳስገባው አይታወቅም፤ ዘሮቹ አስገብቷል ይላሉ።

ዛሬም በባያድነንም ገብርኤል ያልሰመረላቸው ቀድመው ካስረከቡ በኋላ፣ የሰመረለትን ሰው ስለት ከመቀበሉ በፊት ገበዙ «ባይሰምርልህስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ብዙው ሰው «ባይሰምርልኝም» ይልና ይሰጣል፤ እልልታውም ይቀልጣል። አምና ግን ሐኪም ቤት ከርማ የዳነችለትን ትንሽ ልጁን በአንድ እጁ፣ የስለት ጃንጥላ በሌላው የያዘ አንድ ሰው ጥያቄው ሲደርሰው ልጅቱን አየ። ገበዙ አላጣደፈውም።

«አልችልም አባ። እሷ ባትኖር አልመጣም ነበር» አለ።

«እንግዲያ ይዘኸው ወደ ቤትህ ግባ። ዋሽተህ ከምትሰጠው እዚያው ይቆይህ» አለው ገበዙ።

ሰውየው ጃንጥላውን በብብቱ ይዞ፣ በሌላው እጁ የልጁን እጅ ጠበቅ አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ። ልጅቱ «አባዬ፣ ለምን አልተቀበሉንም?» እያለች ትጠይቀው ነበር፤ እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ።