ከልብ በር የረገፈ ፍርፋሪ

አንዲት የልብ ሐኪም ነበረች። የጠጠረ የልብ በር፣ ቫልቭ የሚሉትን፣ ደረት ሳትከፍት ታድሳለች። በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብታ እስከ ልብ ታደርስና አሮጌውን በር ወደ ጎን ገፍታ አዲሱን ትተክላለች። የጠጠረው በር ሲገፋ የሚረግፈው ፍርፋሪ በደም ተወስዶ አንጎል ሊገባና ስትሮክ ሊያመጣ እንደሚችል ታውቃለች። ወደ ራስ በሚወጡት ደም ሥሮች ላይ ሆኖ ፍርፋሪውን የሚይዝ ትንሽ ወንፊትም በመደርደሪያዋ ላይ ነበረ። ግን እሱን ማስገባት ጊዜ ይወስዳል፤ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው። እጇንም ታምነው ነበር።

አንድ ቀን የተጣሉ ሰዎችን በማስታረቅ የታወቁ ሽማግሌ፣ አቶ ይርዳው፣ ወደ እሷ መጡ።

«ልጄ፣ የመጨረሻ ሴት ልጄን ልድር ነው። በሁለት ቃል መሀል ትንፋሽ እያጠረኝ እንዴት አድርጌ እመርቃታለሁ?»

«አይዞዎት አባባ፣ ቄሱን ያስንቃሉ» አለቻቸው።

ሥራው ያለ ወንፊት፣ ቶሎ አለቀ። አዲሱ በር በደንብ ተከፈተ። ሽማግሌው ሲነቁ እንደ ልማዳቸው ሐኪሟን ሊመርቁ እጃቸውን አነሡ። ግራው ተነሣ፤ ቀኙ አልጋው ላይ ቀረ። ቤተሰቡ «አሜን» ለማለት ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ቃል አልመጣም።

«ልባቸው ደህና ነው» አለች ሐኪሟ።

ሚስታቸው ቀና ብለው አዩአት። «ልቡስ ደህና ይሁን። ሰውዬው የታለ?»

አብሯት የሚሠራ ሐኪም ሊያጽናናት ሞከረ። «ወንፊቱ ቢኖርም ፍርፋሪው ሊያመልጥ ይችል ነበር እኮ። ሁሉን አይዝም።»

«ልክ ነህ፣ ሁሉን አይዝም» አለችው። «እኔ ግን ምንም እንዲይዝ አልፈቀድኩለትም።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት የቅመም ነጋዴ ለዚያው ሕክምና መጣች። ሐኪሟ ወንፊቱን አሳየቻት፤ ሁሉን እንደማይዝም ሳትደብቅ ነገረቻት።

ነጋዴዋ ሳቀች። «ምላሴን ብቻ ጠብቂልኝ፤ ገበያውንም ባሌንም የቻልኩት በሷ ነው።»

ሥራው አልቆ ወንፊቱ ሲወጣ ውስጡ እንደ አሸዋ የደቀቀ ፍርፋሪ ተገኘ። ነጋዴዋ ስትነቃ አሳዪኝ ብላ አየችው።

«ይቺ ናት እኔን ዲዳ ልታደርገኝ የነበረችው? ለሚዛን እንኳ አትበቃም!»

ሐኪሟ አልሳቀችም። በዚያው ቀን ወደ አቶ ይርዳው ቤት ሄደች። ሠርጉ አልፏል፤ ሙሽራዋን የመረቀው ሌላ ሰው ነበር። ሽማግሌው ሲያዩአት ግራ እጃቸውን አነሡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ «አሜን» አለች።

የተዘጋውን መክፈት የመልካም ሥራ ግማሹ ነው። ስንከፍት የሚረግፈው በማን ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ ሌላው ግማሽ ነው። ጥንቃቄያችን ሁሉን ማዳን አለመቻሉም እሱን ለመተው ምክንያት አይሆነንም። እኛስ ለሰው በጎ ለመሥራት ስንቸኩል፣ ወንፊታችንን መደርደሪያ ላይ ትተነው ይሆን?