የከበርቴው ፈረስ
አንድ ከበርቴ ለሥዕል ትምህርት ቤት ብለው ባንክ ገንዘብ አስቀመጡ፤ የገንዘቡ ወለድ በየዓመቱ ለተማሪዎች ቀለም፣ ለመምህራን ደመወዝ ይሆን ነበር። አንድ ቀን ሊጎበኙ መጥተው ከአንድ ተማሪ ሥዕል ፊት ቆሙ።

«ይህ በግ የማን ነው?»

«የእርስዎ ፈረስ ነው፣ ጌታዬ» አለ ተማሪው። እሱም ደግሞ ሲያየው በግ መሰለው።

ከበርቴው ተቆጡ። «ገንዘቤ ምን እንደጠቀመህ ንገረኝ፤ አለዚያ ዛሬውኑ አቋርጣለሁ!»

አጠገባቸው የቆሙት መምህር ደነገጡ። ተማሪው ተሻሻልኩ እንዳይል ሥዕሉ ያጋልጠዋል፤ አልጠቀመኝም ቢል የመምህሩም እንጀራ ሊቋረጥ ነው። ራሱን እያከከ መለሰ፦

«ጌታዬ፣ ድሮ ሥዕሌ የሚበላሸው ቀለም አጥቼ ነው እል ነበር። እርስዎ ቀለሙን ሰጥተው ሰበቤን ወሰዱብኝ፤ አሁን የቀረኝ መማር ብቻ ነው።»

ከበርቴው ሳይወዱ ሳቁና መምህሩን «ቀለም ይጨመርለት» አሏቸው።