የደብሪቱ አጋም

በጭላ መንደር ከላይኛው ሰፈር፣ የጎመን ጓሮዎቹን ከከብት የሚጠብቅ ረጅም የአጋም አጥር አለ። ፍሬው ሲጠቁር መንገደኛው ሁሉ ይለቅማል፤ እጁ ግን ከትከሻው በላይ አይወጣም። ወንጭፍ የያዘም ቢሆን አጥሩ ዘንድ ሳይደርስ ጠቅልሎ ይደብቀዋል።

አባቶች እንደሚሉት፣ ደብሪቱ ልጅ ሳትወልድ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የቀራትም ዛሬ አጥሩ የከበበው ጓሮ ብቻ ነበር። የባሏ ወንድም ቢተው ግን ጓሮውን ተመኝቶ «ያልታጠረ መሬት ባለቤት የለውም» እያለ ቢከሳት፣ ሽማግሌዎች ክረምት ተሻግሮ የሚቆም አጥር ካላሳየች መሬቱ የቢተው እንዲሆን ፈረዱ። እጇ እየደማ እሾህ ቆርጣ አጠረች፤ ምስጥ በልቶ ጣለው። ደግማ አጠረች፤ ያንንም በላው። ሽማግሌዎቹ አዝነው ዓመት ይጨምሩላት ነበር፤ ትዕግሥታቸው ግን እያለቀ ሄደ።

በጓሮው መካከል አንዲት አጋም ነበረች። ደብሪቱ ረሃቧን የምታስታግሰው በእሷ ፍሬ ስለነበር ወፎቹን በወንጭፍ ስታባርር ትውላለች፤ አንድ ቀን ድንጋይዋ አንዲቷን መትቶ ጣላት። ብታነሳት ክብደት የላትም። እዚያው ቁጭ ብላ ምርር ብላ አለቀሰች። «እኔን ቢተው ያሳድደኛል፤ እኔ ደግሞ እናንተን» አለችና ወንጭፏን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

ከዚያ ወዲያ ወፎቹ ከአጋሟ እየበሉ በደረቁ አጥር ላይ ተደርድረው ይውሉ ጀመር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ከኩሳቸው ጋር የወደቀው የአጋም ዘር በክረምቱ ከአጥሩ ሥር በቀለ፤ ምስጡ ከላይ እሾሁን ሲበላ አጋሙ ከታች እያደገ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ደረቁ አጥር ወድቋል፤ አጋሙ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል።

ቢተው ዘሎ ተነሳ። «ይህን እሷ አልተከለችውም! ተከልኩት ካለች ትማል!»

ደብሪቱ መሬቷ ከእጇ ሲወጣ ታያት። ቢሆንም «እውነቱን ነው አባቶቼ፤ የተከሉት ወፎቹ ናቸው» አለች።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አባ ፈጠነ ሳቅ አሉ ይባላል። «እንግዲያው አጥሩ የወፎቹ ነው። ቢተው፣ ሂድና ወፎቹን ክሰስ፤ ለሙግት እስኪቀርቡ ጓሮው የእሷ ነው። አንቺም ልጄ፣ ከትከሻሽ በላይ ያለውን ፍሬ ለተከሉት ተይላቸው።»

ዛሬም ከትከሻ በላይ እጁን የሚዘረጋ ካለ «መጀመሪያ ወፎቹን ክሰስ!» ይባላል፤ ሰውየውም ስቆ እጁን ይሰበስባል። ከሁሉ ቀድመው የሚሰበስቡት ግን የቢተው የልጅ ልጆች ናቸው።