ወዲያ ማዶ ያለችው አራስ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

በረታችሁን ውሃ አይንካው ልጆቼ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ ታናሽሽን እቀፊው፤ አንተም እግርህን ሰብስብ። የዛሬው ተረት የሚያስቅ አይደለም። የሚያስቅ የፈለገ ጦጣዋን ሄዶ ይጠይቅ። እኔ ዛሬ ሆዴን ባር ባር ብሎታል።

በድሮ ዘመን አንድ ወንዝ ነበረ። በወንዙ ግራና ቀኝ ሁለት መንደሮች ነበሩ። እነዚህ እነዚያን «ወዲያ ማዶ» ይሏቸዋል። እነዚያም እነዚህን «ወዲያ ማዶ» ይሏቸዋል። ሁሉም ለራሱ ወዲህ ነዋ! አገሩ ሜዳ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ይሞላና በሁለቱም ወገን ይፈሳል። ግን ለሁለት ስለሚካፈል ቢበዛ ጉልበት ቢደርስ ነው። ሰዉም መላውን ያውቃል። ጎተራውን ድንጋይ ላይ ያቆማል፤ ጥጃውን ጉብታ ላይ ያስራል፤ ዕቃውን ቆጥ ላይ ያወጣል። ከዚያም ልጁን አዝሎ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ውሃውም ሲሄድ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄድና ሰዉ በደለሉ ላይ ሽንብራ ይዘራል። እንዲህ ከወንዙ ጋር ተቻችለው ኖሩ።

በወዲህ ማዶ አያ ሽባባው የሚባል ሰው ነበረ። ሚስቱ ሞታበታለች። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ይታይሽ ትባላለች። እሷንም ለወዲያ ማዶ ሰው፣ ለእትዬ ትጓደድ ልጅ ድሯታል። አያ ሽባባው ሥራ ወዳድ ነው፤ ሰነፍ አልለውም። ክፋቱ ግን አንድ ነገር ካሰበ በሬ ጠምደህ ብትጎትተው አይመለስም። ታዲያ አንድ ዓመት ጎርፉ ማሽላውን አበላሸበትና፦ «በእኛ በኩል ዳሩን በአፈር ብንዘጋው፣ ውሃው ምን አባቱ ያመጣል?» ብሎ አሰበ። ለጎረቤቶቹም ነገራቸው። ደስ አላቸው። በጋው ላይ ደቦ ተጠራ፤ ጠላ ተጠመቀ። በዶማ እየቆፈሩ፣ በእንቅብ እየተሸከሙ፣ እየዘፈኑም ግድቡን ከፍ አደረጉት።

እትዬ ትጓደድ ይህን ከማዶ አየችና በታንኳ ተሻግራ መጣች።

እንዲህም አለችው፦ «አያ ሽባባው፣ ይህ ውሃ በእናንተ በኩል መንገድ ካጣ ወዴት ይሂድ? እኛ ላይ አይደለም?»

እሱም፦ «እናንተም ገድቡ እንጂ፤ ማን ከለከላችሁ?» አላት።

እሷም፦ «የእኛ ዳር አሸዋ ነው፤ ሲቆልሉት ይናዳል። ያውቁት የለም? ደግሞስ ልጅዎ እኛ ዘንድ ናት።»

አያ ሽባባው ሳቀ። ከዚያም፦ «ይታይሽ የበኩር ልጇን የምትወልደው እኔ ቤት መጥታ ነው። ወጉ ነው። ክረምቱ ሳይበረታ አመጣታለሁ። እህቴም ገንፎውን ልታገነፋላት ተዘጋጅታለች» አላት።

እትዬ ትጓደድ ትንሽ አየችውና፦ «እሷ ከወጣች፣ የቀረነው ሰዎች አይደለንም?» አለችው።

እሱ እንቅቡን አንስቶ አፈሩን መሸከም ጀመረ። እሷም ታንኳዋ ላይ ተቀምጣ ተመለሰች።

እዩልኝ እንግዲህ! ሰው እንዲህ ነው ልጆቼ። የራሱን ልጅ ካወጣ፣ የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል እሳቱን ይሞቃል።

የዚያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ወንዙም ሞላና ነፍሰ ጡር በታንኳ ማሻገር አስፈሪ ሆነ። አያ ሽባባው፦ «ትንሽ ሲጎድል አመጣታለሁ፤ ገና ወሯ አልደረሰም» እያለ ግድቡን ይቆልላል። አንድ ቀን ጠዋት ጫፉን ሲደመድሙ ከወዲያ ማዶ እልልታ ተሰማ። ሦስት ጊዜ ነው፤ ሴት ልጅ ተወለደች ማለት ነው። ሰዎቹ ዶማቸውን አሳርፈው ተሳሳቁ። አያ ሽባባውም ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦ «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለ።

ከዚያም አንዲት ሴት ወንዙ ዳር ወርዳ ተጣራች፦ «አያ ሽባባው ሆይ! አያት ሆኑ! ይታይሽ በሰላም ተገላገለች!»

ሰዎቹ እሰይ አሉ። እሱ ግን ክው ብሎ ቀረ። አራስ ወንዝ አትሻገርም። በዚያ አገር ልጇ ክርስትና ሳትነሳ ወንዝ የተሻገረች እናት አትተርፍም ይባላል። የሴት ልጅ ክርስትና ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ክረምቱ ያልቃል።

ዞር ብሎም፦ «ወንድሞቼ፣ እናፍርሰው» አለ።

«ምኑን?»

«ግድቡን። ልጄ እዚያ ናት።»

አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ ቀና ብሎ አየውና፦ «ወዲያ ማዶ ሰው የተፈጠረው ዛሬ ነው እንዴ?» አለው።

ሌሎቹም፦ «ጉልበታችንን ካፈሰስን በኋላ? ማሳችን ላይ ውሃ ልትለቅብን? ገድቡ ብለህ የጎተጎትከን አንተ አይደለህም?» አሉት።

አያ ሽባባው አፈረ። ሰማዩን አየ፤ ጥርት ብሏል። በልቡም፦ «ነገ ሲበርድላቸው እለምናቸዋለሁ» አለና ወደ ቤቱ ሄደ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ፣ ይባል የለ?

በማግስቱም ፀሐይ ነበረ። ለካ ከላይ ተራራው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ቀትር ላይ ደራሽ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። የወዲህ ማዶ ግድብ ጸና። ጠብታ አላሳለፈም። ሰዎቹ ግድቡ ላይ ወጥተው ሊጨፍሩ ሲሉ ወዲያ ማዶን አዩት። ጉልበት ይደርስ የነበረው ውሃ ጣራ ላይ ደርሷል። ጉብታው የለም። ከብቱ የለም።

አያ ሽባባው ዶማውን አንስቶ ግድቡን ይንድ ጀመር። የከለከለው ሰው አልነበረም። ሽማግሌውም ዶማ አነሳና አገዘው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ግድቡም ተከፈተ። ውሃው ገብቶ ማሽላውን ጠረገው፤ የአያ ሽባባውን ቤት ከነጎተራው ወሰደው። ቤቱ በውሃ ሲወሰድ እሱ ዞር ብሎም አላየ። «ይታይሽ! ልጄ ይታይሽ!» እያለ ወደ ማዶ ይጣራ ነበር። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።

ውሃው ሲጎድል በታንኳ ተሻገረ። ነገሩ እንዲህ ነበር። የይታይሽ ባል አስቀድሞ እናቱንና ሕፃኗን ዋርካ ላይ አወጣቸው። ከዚያም ለሚስቱ ተመለሰ። አራስ ናት፤ ጉልበት የላትም። ሊያወጣት ቢገባ ቤቱ በሁለቱም ላይ ተደረመሰ። እናቱ ከዛፉ ላይ ሆና አየች። ይህን ለማንም እናት አያሳይ ልጆቼ፣ ለማንም።

አያ ሽባባው ድንጋይ ተሸክሞ እትዬ ትጓደድ እግር ላይ ወደቀ። «በእጄ ገደልኳቸው። የፈረዱብኝን ልቀበል» አላት።

እሷም፦ «ይነሱ። እግሬን ቢስሙት ልጄ አይመለስልኝም» አለችው።

ሕፃኗ በእቅፏ ሆና ታለቅስ ነበር። እትዬ ትጓደድ እያባበለቻት፦ «ላም ተርፎልዎታል?» ብላ ጠየቀችው።

«አንዲት ተርፋለች። ትታለባለች።»

«የእኛ ሁሉም ሄዷል። ለዚህች ወተት ያምጡ። ለዐይኔ ግን አይምጡብኝ። ደጃፉ ላይ ያስቀምጡና ይመለሱ።»

አያ ሽባባውም እንዲሁ አደረገ። በየማለዳው ላሚቱን ያልብና ወተቱን በቅል ይዞ ይሻገራል። ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል፤ የትናንቱን ባዶ ቅል ያነሳል፤ ይመለሳል። ውሃው ሲሞላም ለሕይወቱ ሳይሳሳ ይሻገራል እንጂ አንድም ቀን አላስታጎለም። ክርስትናዋ ሲደርስ አልተጠራም። ካሰች ተብላ መጠራቷን የሰማው ከታንኳ ቀዛፊው ነው። የክርስትናውን ዘፈን ወንዙ ዳር ተቀምጦ አዳመጠና አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ያን ቀን አልገደመም።

ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት ተከተለ። አንድ ማለዳ ቅሉን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል በሩ ተከፈተ። ድክ ድክ እያለች አንዲት ልጅ ወጣች። ግንባሯ የይታይሽ፣ ዐይኗም የይታይሽ ነው። ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

ቀና ብላም፦ «አንተ ማነህ?» አለችው።

ውስጥ እትዬ ትጓደድ ጥጥ ስትፈትል ነበር። እንዝርቷን አቆመች። ተናገርም አላለችው፤ አትናገርም አላለችው።

«አያትሽ ነኝ» የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። የልጅቷን ፊት አየ። ከዚያም ውስጥ የተቀመጠችውን ሴት አየ። ቃሉንም መልሶ ዋጠው።

«ወተት አምጪው ነኝ» አላት።

ባዶውንም ቅል አንስቶ ወደ ታንኳው ወረደ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ዳቦ ያላችሁ ቁረሱልኝ፤ ተረት ያላችሁ መልሱልኝ።