ግቢ ውስጥ የቀሩት አግዳሚዎች

በእምነት ለአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ፕሮግራም ጽፋለች። ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራል፤ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም እየደነዘዘ ይመጣና ቀጥ ይላል፤ ሕመምተኛውም እንደተሰለፈ ይቀራል። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ መምህሯ ዘንድ ገባች።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት ነገር የለም። ሰው በመጣ ቁጥር በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ ፈንክሽን ጠርቼ፣ ከመረጃ ቋቱ ቀን የሚሞላባቸውን መስኮች ለይተህ ዘርዝርልኝ እለዋለሁ። ይዘረዝርልኛል። መጠየቅ ብቻ ምን ይጎዳል?»

መምህሯ መነጽራቸውን አወለቁ። ስለዚህ ነገር እምብዛም እንደማያውቁ፣ ያስተማሩትም ሃያ ስድስት ዓመት ብቻ መሆኑን ገልጸው እንዲህ አሏት።

አንድ የእድር ዳኛ ነበረ፤ መርጋት የማያውቅ። የተመረጠውም ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ስለማያውቅ፣ ለሰዉ ሥራ ወዳድ መስሎት ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት እሱው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ጠባቂው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው አንድ ደንብ አላቸው። የዚህን ዓይነት ዕቃ አሳዩኝ ሲባሉ ሁሉንም አውጥተው ግቢው ላይ ይደረድራሉ፤ አይቻለሁ፣ ይግባ ካልተባሉ አያነሡም።

ዳኛው ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ስጋት ያዘው። አንድ ነገር የጎደለ ይመስለዋል። አግዳሚውን አሳዩኝ አለ፤ ወጣለት። አየና ሄደ። ድስቱን አለ፤ ሰሃኑን አለ፤ በርሜሉን አለ። አየና ሄደ። ደግሞ አግዳሚውን ተጠራጠረ። ሽማግሌው አግዳሚው ውጭ መሆኑን ቢያዩም ታዘዋልና፣ ከጎረቤት እድር ተውሰው በፊተኛው ላይ ከመሩለት። ዳኛው ይህንንም አየና ሄደ።

ሐምሌ ላይ የዳኛው አባት አረፉ። ለቀስተኛ መጣ፤ ድንኳን የሚተከልበት ጠፋ። አግዳሚው በአግዳሚ ላይ ተቆልሎ፣ ድስቱ ከላይ ተቀምጦ፣ ካስማ የሚመታበት ስንዝር መሬት የለም። ዝናቡም ጀመረ። ዳኛው ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ በሩ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አያቸው።

«አባባ፣ ምን ቁጭ ብለው ያዩኛል? ያስገቡት እንጂ።»

ሽማግሌው ተነሡ። «ይህቺን ቃል ነው ከፋሲካ ጀምሮ እዚህ ተቀምጬ የምጠብቃት» አሉት።

ሰው ሁሉ ቢረባረብም ግቢው ሲጸዳ መሽቶ ለቀስተኛው ተበትኖ ነበር። የዚያ ሰው አባት፣ መቀመጫ በሞላበት ግቢ፣ ዝናብ እየወረደበት በቆመ ሰው ተለቀሱ።

መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«እንግዲህ ዳኛው አንቺ ነሽ፤ አትቆጪ። ሽማግሌው ያ የምትጠሪው ፈንክሽን ነው። ግቢው የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ነው። በጠራሽው ቁጥር አዲስ ዝርዝር አውጥቶ ይደረድርልሻል፤ አንቺም አይተሽ ትሄጃለሽ። ጨርሻለሁ፣ ቦታውን ልቀቅ እስክትይው አያነሣውም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግቢሽ ሞልቷል።»

በእምነት «ስንት መስመር ይፈጃል?» ብላ ጠየቀች።

«አንዲት መስመር። ሂጂ ጻፊያት፤ ሰው ቆሟል።»