አሰልጣኙና ሁለቱ ጃኬቶች

አንድ ሰው ነበረ። በበረዶ ላይ መንሸራተት የሚያሠለጥን ሰው።

አትሳቁ። አውቃለሁ፣ እኛ በረዶ ሲዘንብ ጣሪያ ሥር ሮጠን የምንገባ ሰዎች ነን። እነሱ ግን የትልቅ አዳራሽ ወለል በሙሉ በረዶ ያደርጉና፣ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው በሙዚቃ ይሽከረከሩበታል። ይዘላሉ፣ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፣ በአንድ እግር ያርፋሉ። ካረፉ ጭብጨባ ነው። ካላረፉ በመቀመጫቸው ዱብ። ዳኛ አለው፣ ነጥብ አለው፣ የዓለም ውድድር አለው። እኔም እስካለፈው ዓመት ከዚህ የበለጠ አላውቅም ነበር። ይህ አሰልጣኝ በራሱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ጥፋቱን ሲናገር የሰማ አንድ ወንድም ታሪኩን አጫወተኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሴ ጋር ተጣልቻለሁ።

ሰውየው ሁለት ልጆች ያሠለጥን ነበር። አንደኛዋ ኢልዜ ትባላለች፣ የላትቪያ ልጅ። ላትቪያ ትንሽ አገር ናት፣ ሕዝቧ የአዲስ አበባን ግማሽ አይሞላም። ኢልዜን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እጇን ይዞ ያስተማራት እሱ ነው። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኗታል። ሁለተኛዋ ሚንሶ የምትባል የኮሪያ ልጅ ናት፤ እሱ ጋ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ።

በዚህ ስፖርት አንድ አሰልጣኝ የሁለት አገር ልጆች ቢይዝ ማንም አይቀየመውም። ልማዱ እንዲህ ነው፤ የላትቪያዋ ስትወዳደር የላትቪያን ጃኬት ይለብሳል፣ የኮሪያዋ ስትወዳደር የኮሪያን። የላትቪያው ጥቁር ቀይ ነው፣ የኮሪያው ነጭ። ሁለቱንም ጃኬት ይዞ ይዞራል፣ እንደ ተራቸው ይቀያይራል።

ሌላም ልማድ አላቸው። ልጅቷ ጨርሳ ከበረዶው ስትወጣ ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ከአሰልጣኟ ጋር ጎን ለጎን ቁጭ ብላ ነጥቧን ትጠብቃለች። ካሜራው ፊታቸው ላይ ነው፣ ዓለም ያያቸዋል። ከቀናት አብረው ይስቃሉ። ከወደቀች እሱ ትከሻዋን ይዞ እሷ ታለቅሳለች። ወንበሩ የተሠራው ለሁለቱም ቀን ነው።

ኢልዜ ደግሞ ዓይኗ ደካማ ነው። ከሩቅ ያለ ነገር አይታያትም። መነጽር አድርጎ መዝለል ስለማይቻል፣ ወደ በረዶው ልትገባ ስትል አውልቃ ለአሰልጣኟ ትሰጠዋለች። እሱ ጃኬቱ ኪስ ይከተዋል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አውጥቶ ይሰጣታል። እሷም አድርጋ ነጥቧን ታያለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖሩት።

አሁን ሰውየው ምን አመል ነበረው መሰላችሁ? ማን እየወጣ ነው፣ ማን እየወረደ ነው፣ ይህን በቃሉ ይዞ ነበር። ጃፓን ከሁሉ በላይ ናት። ኮሪያ እየመጣች ነው። ካዛኪስታንን አትናቁ፣ ጆርጂያንም አትናቁ። ድሮ ሜዳሊያ እንደ ቆሎ ያፍሱ የነበሩ አገሮች አሁን ለማጣሪያ ይታገላሉ። ጠዋት ሲነሳ ይህን ነው የሚያነበው፣ ማታም ይህን። ማንበቡ ምን ክፋት አለው? ሥራው ነው። ክፋቱ ሰው ሲያይም ያንኑ የደረጃ ሠንጠረዥ ማየት መጀመሩ ነው። ሚንሶን ሲያይ የሚወጣ ነገር ይታየዋል። ኢልዜን ሲያይ የሚወርድ።

ታላቁ ውድድር ደረሰ። ኢልዜ ያን ቀን ከተሳካላት አገሯ ወደ ኦሊምፒክ አንድ ሰው መላክ ትችላለች። ካልቀናት የለም፣ አራት ዓመት ትጠብቃለች። እናቷ ሱቋን ዘግታ ከጎረቤት ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች። ኢልዜ መነጽሯን ሰጠችው፣ ገባች፣ ሙዚቃው ጀመረ።

የመጀመሪያው ዝላይ ላይ ወደቀች። ተነሳች። ሁለተኛው ላይ እጇን አስደግፋ ተረፈች። ሦስተኛው ላይ እንደገና ወደቀች፣ ያን ጊዜ አወዳደቋ ክፉ ነበር፤ ተንሸራታ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። እሷ ግን ሙዚቃው እስኪያልቅ አላቋረጠችም። ለተመልካቹ እጅ ነሳች፣ ወጣች፣ ወደ ወንበሩ ሄደች።

እሱ ግን የለም።

የት ሄደ? መጋረጃው ጀርባ። ቀዩን ጃኬት አውልቆ ነጩን እየለበሰ ነው። በሚንሶና በኢልዜ መካከል ሁለት ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ነበረው። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ነው። ሰውየው ቆሞ ሲናገር ይህን አልሸሸገም። "ጊዜ አጥቼ አይደለም" አለ፣ "ካሜራው ከወደቀች ልጅ ጋር እንዳያየኝ ነው።"

ሚንሶ እየተሟሟቀች ነበር። ነጩን ጃኬት ለብሶ ሲመጣ አየችውና ኢልዜ ጋ ማን እንዳለ ጠየቀችው።

"ሰው አለ" አላት።

ሰው አልነበረም። ኢልዜ ወንበሩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። መሐል ላይ አይደለም የተቀመጠችው፤ ወደ ዳር ጠጋ ብላ ነው። ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ ጭኗ ላይ አድርጋለች፣ እሱ ሲመጣ እንዲቀመጥ። ካሜራው ያን ባዶ ቦታ ለመላው ዓለም አሳየ። እናትየው አየችው። ነጥቡ ሰሌዳው ላይ ወጣ፣ እሷ ግን አይታያትም። በድምፅ ማጉያውም ተነገረ፤ አዳራሹ ለሚቀጥለዋ ልጅ እየጮኸ ስለነበር አልሰማችም። ዓይኗን አጥብባ ወደ ሰሌዳው አየች፣ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። በመጨረሻ አንድ አስተናጋጅ መጥቶ ተራው የሌላ ሰው ነው ብሎ አስነሳት።

ሚንሶ በተራዋ ገባች። አንድም አልሳተችም። ሰውየው ወንበሩ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ትከሻዋን ያዘ፣ ለካሜራው ሳቀ። ነጥቡ ወጣ። እስከ መጨረሻዋ ክፍልፋይ ጥርት ብሎ አነበበው። ያን ጊዜ ነው የኢልዜ መነጽር ትዝ ያለው። ቀዩ ጃኬት ኪስ ውስጥ ነበር፣ ጃኬቱም መጋረጃው ጀርባ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል።

ሄደ። መነጽሩን ይዞ ሮጦ ሄደ። ኢልዜን ከመልበሻ ክፍሎቹ በር ውጭ ባለው ኮሪደር አገኛት፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። መውጫው በየት በኩል እንደሆነ የበሩ ላይ ጽሑፍ አልታያትም፣ የሚመራት ሰው እየጠበቀች ነው። የሰው ኮቴ ሰማችና ቀና አለች። ነጭ ጃኬት የለበሰ ሰው ወደ እሷ ሲመጣ ብዥ ብሎ ታያት። የኮሪያ ቡድን ሰው መሰላት፣ ልታሳልፈውም እግሯን ሰብሰብ አደረገች።

"ይቅርታ" አለችው፣ "መንገድ ዘጋሁብዎት። አሰልጣኜን እየጠበቅኩ ነው።"

 

ወገኖቼ፣ ሰውየው መነጽሩን እጇ ላይ አደረገላት። አደረገችው፣ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ጃኬቱን አየች። አልሰደበችውም፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው።

"ስንተኛ ወጣሁ?"

አላወቀም። የሚንሶን ነጥብ እስከ ክፍልፋዩ የሚያውቀው ሰው፣ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት ልጅ ስንተኛ እንደወጣች አላወቀም። ለማየት አልቆመማ።

አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው ክፉ ነው ትላላችሁ? ልጅቷን ደበደባት? ሰደባት? ከቡድኑ አባረራት? ምንም አላደረጋትም። ጃኬት ነው የቀየረው። እናንተ ስንት ቀይራችኋል? የእህታችሁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አብራችሁት ፎቶ ተነሳችሁ፤ ተባሮ ሲመለስ ለመጨረሻ ጊዜ የደወላችሁለት መቼ ነው? ጓደኛችሁ ሱቁ ሲደምቅ ስሙን የምትጠሩት በፍቅር ነበር፤ ሲዘጋ በየት በኩል ነው የምታልፉት? ዛሬ ጠዋት ሰላም ከማለታችሁ በፊት ስንት ሰው ላይ፣ ወጣ ወይስ ወረደ ብላችሁ፣ ዓይናችሁን ጣላችሁ?

እናንተን ልተዋችሁ። እኔ ማን ነኝና ነው የምጠይቃችሁ?

እዚህ ቤት አንዲት ዘማሪ ነበረች። ስሟን አልጠራም፣ ወደ መዘምራኑ ወንበርም አትዙሩ። እሷ በምትዘምርበት እሑድ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ያመልክ እንደነበር ታውቃላችሁ። እኔም በየሄድኩበት "የእኛ ቤት ልጅ ናት" እል ነበር፣ ደረቴን ነፍቼ። ወደቀች። እንዴት እንደወደቀች ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ከሚገባችሁ በላይ ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎች ተሰበሰብን፣ የተግሣጽ ደብዳቤ ተጻፈ። ተግሣጹ ልክ ነው አይደለም ብዬ ዛሬ አልከራከርም። ደብዳቤውን ማን ወሰደላት? እረኛዋ እኔ ነኝ፤ የወሰደላት ግን የበሩ ጥበቃ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ምን ሥራ? በዚያው ሳምንት ከሌላ ከተማ ስሟ እየገነነ የመጣች ዘማሪ ጋብዤ ነበርና፣ አበባ ይዤ ልቀበላት አየር ማረፊያ ሄጄ ነበር።

የአቀባበሉን ፎቶ አይታችኋል። እዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። እየሳቅኩ ነው።

ሐሙስ ዕለት እሷ ቤት ሄድኩ። ዓመት ከሦስት ወር ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ከፈተችልኝ፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ነበር፣ ልብስ እያጠበች ነው። ልጇ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በጆግ ይጫወታል። ስሙን አላውቀውም ነበር፣ እዚያው ጠየቅኩ። እንድቀመጥ ወንበር ሰጠችኝ። ያሰብኩትን ሁሉ ተናገርኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ተንተባተብኩ። እሷ እስክጨርስ ሰማችኝ፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንዲህ አለችኝ።

"ፓስተር፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በር በተንኳኳ ቁጥር እርስዎ ነዎት ብዬ ብድግ እል ነበር። ልጄን እያጠባሁም ቢሆን እነሳ ነበር። ዛሬ ሲያንኳኩ ግን የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መስሎኝ ነው የከፈትኩት።"

ይኸው ነው ያለችው። ክፋት አልነበረበትም፣ እውነቱን ነው የነገረችኝ። ወደ ልብሷ ተመለሰች፣ እኔም ተቀምጬ ሳሙናውን አቀብላት ነበር።

ጌታችን ከነማን ጋር ይቀመጥ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። እኔም ለሃያ ሁለት ዓመት ሰብኬዋለሁ፤ ሰብኬው ሳበቃ ነው ጥበቃውን የላኩት።

ስለዚህ ዛሬ እጃችሁን አንሱ አልላችሁም፣ ወደ ፊት ኑም አልልም። እያንዳንዳችሁ አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል። ስሙን ለእኔ አትንገሩኝ። ያ ሰው የሠራው ጥፋት ትክክል ነው አላልኩም፣ ውድቀቱ ውድቀት አይደለምም አላልኩም። እኔ የምለው፣ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ታክሲው ከየት እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። ምን እንደምትሉት ካላወቃችሁም ምንም ሳትሉ ተቀመጡ፣ ልብስ እያጠበ ከሆነ ሳሙና አቀብሉት።

እኔ ዘግይቼባታለሁ፣ በዚህ አፍራለሁ፣ እስክሞትም ሳፍር እኖራለሁ። የእናንተ ሰው ግን ምናልባት እስከ አሁን ድረስ በር ሲንኳኳ ብድግ ይል ይሆናል። መነሣቱን ሳይተው ሂዱ። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትግቡ፣ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።